አውራ ጣትም ፊርማ ነው

የነርሲንግ ተማሪ ስለ ኮምፒውተር ቁልፍ ምን አገባት ትሉ ይሆናል። ነገሩ የጀመረው ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ሁለት ጓደኞቼ ሲከራከሩ ነው። በመሀል ሰርቨር ሳይኖር ስልክን ከስልክ፣ ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር በቀጥታ የሚያገናኙ ሶፍትዌሮች አሉ። ክርክሩ እነዚህ ሶፍትዌሮች ስንት ዓይነት ቁልፍ ይቀበሉ የሚል ነበር። አንዱ «አንድ ጥሩ ዓይነት ይበቃል፤ ሌላው ሁሉ ጣጣ ነው» አለ። ሌላዋ «ታዲያ አሮጌ ቁልፍ የያዘው ሰው የት ይግባ?» አለችው። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ፣ ቁልፍ የሚለው ቃል ትንሽ ያሳስታል፤ እንደ ማኅተም ብታስቡት ይቀላል። ፌስቡክን በመሰለ አገልግሎት ላይ ማን መሆናችንን የሚመሰክረው የኩባንያው ሰርቨር ነው። ሰው ከሰው በቀጥታ ሲገናኝ ግን በሩ ላይ የሚቆም ዘበኛ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ለራሱ ሁለት ተጓዳኝ ቁልፎች ይሠራል። አንዱ ምስጢር ነው፤ መልእክቱ ላይ የሚያትመው በእሱ ነው። ሌላው ለሁሉም ይሰጣል፤ ማኅተሙ እውነተኛ መሆኑ የሚጣራው በእሱ ነው። አይፒኤፍኤስና ኢቴሪየም የሚጠቀሙበት ሊብፒቱፒ የተባለው ሶፍትዌር የአንድን ኮምፒውተር መለያ ስም የሚያወጣው ከዚሁ ይፋዊ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ሲቀየር ስሙም ይቀየራል፤ በኔትወርኩ ዓይን ሌላ ሰው ሆናችሁ ማለት ነው።

የማኅተሙ አሠራር ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አርኤስኤ የተፈለሰፈው በ1977 ነው፤ ጥንካሬው በጣም ትልቅ ቁጥርን ወደ አካፋዮቹ መበተን ከባድ በመሆኑ ላይ የቆመ ነው። ኢዲ25519 በ2011 መጣ፤ ይፋዊ ቁልፉ 32 ባይት ብቻ ነው። የተለመደው ባለ 2048 ቢት አርኤስኤ ግን ቢያንስ 256 ባይት ይፈልጋል። ቢትኮይን የሚጠቀምበት ሴክፒ256ኬ1 የሚባልም አለ። አንድ ፕሮግራም የማያውቀው ዓይነት ቁልፍ ሲመጣበት ማኅተሙን ማንበብ ስለማይችል ንግግሩ ገና ሳይጀመር ይቋረጣል። አይፒኤፍኤስ በሴፕቴምበር 2020 ለአዲስ ገቢዎች ኢዲ25519ን መደበኛ ቁልፍ ሲያደርግ፣ አርኤስኤ ይዘው የቆዩትን አላባረረም።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለችኝ አያቴ ናት። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ቀበሌ ሄዳ ስትፈርም አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ ትጫናለች። ከእሷ ቀጥሎ ያለው መምህር በእስክሪብቶ ይፈርማል፤ የእድሩ ሊቀመንበር ደግሞ ማኅተም ይመታል። ሦስቱም በአንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ። ጸሐፊው «ከዛሬ ጀምሮ እስክሪብቶ ብቻ» ቢል መዝገቡ ይጸዳለት ነበር፤ አያቴ ግን ከመዝገቡ ትወጣለች።

«ይህን የላከው በእርግጥ ማነው?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የቴክኒክ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ይህ ታሪክ በከፊል እዚሁ ቶሮንቶ የተጻፈ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በ2013 ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ እንደተሰራጨ አጋለጠ። በ2014 ደግሞ የኢሳት ባልደረቦች በሀኪንግ ቲም ሶፍትዌር ዒላማ መደረጋቸውን አሳየ። ቀደም ብሎ በ2006 ይኸው ላቦራቶሪ ሳይፎንን ለቅቆ ነበር። በመጀመሪያው ሳይፎን፣ ኢንተርኔት በማይታገድበት አገር የሚኖር ሰው ፕሮግራሙን ቤቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይጭንና የይለፍ ቃሉን ለሚያውቃቸው ሰዎች ብቻ ይሰጣል፤ እነሱም በእሱ በኩል የታገደውን ገጽ ያያሉ። መሠረቱ ዝምድናና ትውውቅ ነበር።

ቤታችን ውስጥ ጥያቄው በሌላ መልክ መጣ። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም አልተመለሰም። እናቴ «እትዬ» የምትላት ታላቅ እህቷ ደብረ ማርቆስ ናት። ግንኙነቱ ሲመለስ ከእሷ ቁጥር መልእክት ገባ፤ ደህና መሆናቸውንና ትንሽ ገንዘብ እንደሚያስፈልጋቸው ይላል። ከመልእክቱ በላይ ግን የደኅንነት ቁጥሩ ተቀይሯል የሚል ማስታወቂያ ተጽፏል። አክስቴ ስልክ ቀይራ ነበር፤ አዲሱ ስልክ አዲስ ቁልፍ ሠርቷል። እናቴ ስለ ቁልፍ የምታውቀው ነገር የለም። ወዲያው በድምፅ «እትዬ፣ አባባ እኔን ልጅ ሳለሁ ምን ብሎ ነበር የሚጠራኝ?» ብላ ላከች። መልሱ ከሳቅ ጋር በድምፅ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ነው ገንዘቡ የተላከው።

እኛም ክሊኒካል ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ለታማሚ መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት ቢያንስ ሁለት መለያ እናመሳክራለን፤ ለምሳሌ ሙሉ ስምና የልደት ቀን። ካናዳ ሲገቡ ልደታቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈ ስንት ወገን እንዳለን ታውቃላችሁ። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ የተመዘገበበትም ብዙ ነው። አንድ መለያ ብቻ የሙጥኝ ያለ አሠራር እንዲህ ዓይነቱን ሰው ወይ ከሌላ ሰው ጋር ይቀላቅለዋል ወይም «የለህም» ይለዋል። ኦንታሪዮ በ1990ዎቹ ፎቶ ያለበትን የጤና ካርድ ስታመጣም ቀይና ነጩን አሮጌ ካርድ ወዲያው አልሻረችም፤ ሁለቱ ከ20 ዓመት በላይ ጎን ለጎን ሠርተዋል።

ይሁንና «አንድ ይበቃል» ያለው ጓደኛዬ ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። እያንዳንዱ ተጨማሪ ዓይነት ጠባቂ የሚፈልግ ተጨማሪ በር ነው። በ2023 ሊብፒቱፒ ላይ አንድ ቀዳዳ ተገኘ፤ ተንኮለኛ ሰው ከልክ ያለፈ ግዙፍ የአርኤስኤ ቁልፍ ይዞ ቢመጣ፣ ኮምፒውተሩ ማኅተሙን በማጣራት ብቻ ይጨናነቃል። የተወሰደው መፍትሔ ጣሪያ ማበጀት ነበር፤ ከ8192 ቢት የበለጠ አርኤስኤ አይገባም ተባለ። አርኤስኤን ከነጭራሹ ማባረር አላስፈለገም። ቶርም ባለ 16 ፊደል አሮጌ አድራሻዎቹን፣ ደካማ በሆነ የአርኤስኤ ቁልፍ ላይ የቆሙትን፣ በ2021 አስወጥቷል፤ ያን ያደረገው ግን በኢዲ25519 የሚሠሩትን ባለ 56 ፊደል አድራሻዎች አምጥቶ ለዓመታት ሁለቱን አብሮ ካስኬደ በኋላ ነው። የደከመን ቁልፍ መሸኘት ተገቢ ነው፤ ሰዎች መሻገሪያ ጊዜ እስካገኙ ድረስ።

ሌላም እውነት አለ። ኔትወርኩ ራሱ ሲዘጋ ቶሮንቶን ከደብረ ማርቆስ የሚያገናኝ የቁልፍ ዓይነት የለም። ብራየርን የመሰሉ ፕሮግራሞች በብሉቱዝና በዋይፋይ ቅርብ ለቅርብ ያሉ ስልኮችን ያገናኛሉ፤ ውቅያኖስ ግን አያሻግሩም። ቁልፍ የሚጠቅመው መንገዱ ሲከፈት፣ መጀመሪያ የደረሰው ድምፅ የማን እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ጥያቄው አሁን እንደገና እየመጣ ነው። ወደፊት በቂ አቅም ያለው ኳንተም ኮምፒውተር ቢሠራ አርኤስኤንም ኢዲ25519ንም ሊሰብር ይችላል። ሲግናል በሴፕቴምበር 2023 ለዚህ የሚሆን አዲስ ቁልፍ ሲያስገባ አሮጌውን ሳይጥል አዲሱን ደረበበት። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት ደግሞ በኦገስት 2024 የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች አወጣ። ከእነዚህ አንዱ በሆነው በኤምኤል-ዲኤስኤ ትንሿ ፊርማ 2420 ባይት ናት፤ የኢዲ25519 ፊርማ 64 ባይት ነው፤ 38 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። እዚህ በዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ ልዩነቱ አይታወቀንም። ጥቅል ገዝታ በአሮጌ ስልክ፣ በደካማ ኔትወርክ ለምትጠቀም አክስቴ ግን እያንዳንዱ ግንኙነት ሲጀመር የሚጨመር ሸክም ነው። አዲሱን ቁልፍ ብቻ የሚቀበል ሶፍትዌር ዛሬ ቢመጣ መጀመሪያ የሚወድቁት እንደ እሷ ያሉ ናቸው።

ከመካከላችሁ እንዲህ ዓይነት ሶፍትዌር የምትጽፉ አላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ተመርቃችሁ ሥራ ላይ ናችሁ። አዲስ የቁልፍ ዓይነት ጨምሩ፤ ልኩንም አብጁለት። አሮጌውን ለመዝጋት ስትነሱ ግን የሚዘጋበትን ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት በዚያኛው ጫፍ ያለው ስልክ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠይቁ። ኮድ የማንጽፈው ደግሞ አንድ ነገር ማድረግ እንችላለን፤ በዚህ ሳምንት አገር ቤት ስትደውሉ የደኅንነት ቁጥሩን ከፍታችሁ፣ አሃዙን አንድ በአንድ፣ በድምፅ ተነባበቡ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።