የኋላ መብራት ለማን ነው?

የፊት መብራት ለነጂው ነው፤ የኋላው ግን ከኋላ ለሚመጣው መንገደኛ ነው። በሰላ ድንጋይና በጣርማ በር ጉም ሲወርድ ይህ በግልጽ ይታያል።

አጎቴ የአሮጌ መኪናቸውን ፍሬን ሲረግጡ የኋላው ቀይ መብራት ይፈዝ ነበር፤ አራቱም ፍሬቻዎች አንድነት ሲበሩ ከኋላ ያሉት ጭል ጭል ይላሉ። አምፖልና ፊውዝ ቢለውጡም አልተሻለም። እኔም ከአምፖሉ ማቀፊያ እስከ መኪናው አካል ሽቦ ባገናኝ፣ መብራቱ ቦግ አለ። ለካ የተበላሸው ማሳው ኖሯል! ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በመኪናው ብረት ነው፤ ዝገት መንገዱን ሲዘጋበት በሌላ አምፖል ዞሮ ለመመለስ ይሞክራል። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን ብሎኑን አጠበቅን።

እንግዲህ ወዳጆቼ ሆይ፣ አዲስ ዕቃ ከመግዛት አስቀድሞ ማሳውን መመርመር ይገባል፤ በጉም ውስጥ የሚከተለን ሰው ሕይወት በአንዲት ብሎን ልትድን ትችላለችና።