አክተር አይሞትም ሲባል ሰምተን ነበር

ሲኒማ ቤት የሚባለውን ነገር ያየነው ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው። ጀውሃ ሳለን የምናውቀው ቪዲዮ ቤት ነበር። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ በአጣና የተሠራ አግዳሚ፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን፣ በሩ ላይ ደግሞ ብርሃን እንዳይገባ የተሰቀለ ብርድ ልብስ። ሙቀቱን ለቆላ ሰው መንገር አያስፈልግም። የደጋ ልጅ የሆነ አንባቢ ግን ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጃኬቱን ለምን እንደሚያወልቅ ያስታውስና በዚያ ላይ ስድሳ ሰው በአንድ ክፍል ይጨምርበት።

የዚያ ቤት ሕግ አንድ ነበር፤ አክተር አይሞትም። በጥይት ቢመታ፣ ከገደል ቢወረወር፣ ቤቱ በላዩ ቢነድ፣ አክተሩ ይነሣል። የሚሞተው ጓደኛው ነው፤ ወይም ያ ፎቶግራፍ እያወጣ ስለ እጮኛው የሚያወራው ምስኪን ነው። አክተሩ ወድቆ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ከኋላ አግዳሚ ላይ አንድ ድምፅ ሁልጊዜ ይሰማ ነበር፤ «አትፍሩ! አክተር አይሞትም!» ባለድምፁ የአንዱ ጓደኛችን ታላቅ ወንድም ነበር። ከእኛ በአምስት ዓመት ስለሚበልጥ ፊልሙን ሁሉ ቀድሞ ያየ ይመስለን ነበር። በኋላ ስንሰማ ግን እሱም እንደ እኛ የመጀመሪያው ነው፤ እንዲያው በእምነት ነበር የሚጮኸው።

ዛሬ የምንጽፈው ስለ አንድ ፊልም ነው፤ «ብላክ ፓንተር፦ ዋካንዳ ለዘላለም» ስለሚባለው ሁለተኛው ክፍል። ሐያሲ አይደለንም። የመጀመሪያውን ክፍል ስድስት ጊዜ ያየን ወዳጆች ነን፤ ወዳጅ ደግሞ እውነቱን ቢናገር ያምርበታል ብለን ነው።

የመጀመሪያው ክፍል የወጣው በየካቲት 2010 ዓ.ም. ነበር። ያን ሳምንት አገሩ ሌላ ወሬ ነበረው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እለቃለሁ ያሉትና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው በዚያው ሰሞን ነው። ፊልሙ ጀውሃ የደረሰው ዘግይቶ በፍላሽ ነው። ሲደርስ ግን ቪዲዮ ቤቱ አበደ። ቅኝ ያልተገዛ፣ ከዓለም የተሰወረ፣ ቫይብራኒየም የሚባል ማዕድን ያለው፣ ንጉሥ ያለው የጥቁር ሕዝብ አገር! «ይሄማ እኛ ነን!» አልን። አድዋን ጠራን፣ ምኒልክን ጠራን። ከመካከላችን አንዱ ብቻ፣ «እነሱ በአየር የሚሄድ ባቡር አላቸው፤ እኛ ባጃጅ ለመሳፈር ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን፤ በምን ተመሳሰልን?» ቢል «ዝም በል!» ተባለ። የዘፈኑ አልበም ውስጥ ዘ ዊኬንድ፣ የእኛው አቤል ተስፋዬ፣ እንዳለበት ስንሰማማ ክርክሩ አበቃ።

ኋላ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ትንሽ ስናነብ፣ ይህን ጀግና እ.ኤ.አ. በ1966 የፈጠሩት ስታን ሊና ጃክ ከርቢ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሆናቸውን አወቅን። ትንሽ ከፋን። ሕልማችንን ሌላ ሰው ስሎልናል ማለት ነው። ግን ቻድዊክ ቦዝማን ንጉሥ ቲቻላን ሆኖ ሲራመድ ሥዕሉን ከሠዓሊዎቹ እጅ ቀምቶ ወስዶታል፤ ይህን ማንም አይክደውም።

ቦዝማን ነሐሴ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአንጀት ካንሰር በ43 ዓመቱ ሞተ። መታመሙን ለሕዝብ ሳይናገር ነው የሞተው። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር ከዚያ በኋላ ፊልም መሥራቱን ሊተወው ደርሶ እንደነበር ተናግሯል። አልተወውም። በቦዝማን ቦታ ሌላ ተዋናይ እንዲተኩ ብዙ ሰው ቢጠይቅም አልተኩም። ኅዳር 2 ቀን 2015 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የታየው ሁለተኛው ክፍል የሚጀምረው እንግዲህ አክተሩ በመሞቱ ነው። የቪዲዮ ቤታችን ሕግ ፈረሰ ማለት ነው።

እኛ ያየነው በዚያው ዓመት ለትንሣኤ ወደ አገር ስንገባ ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 13 የዋለበት ሳምንት ነበር፤ የክርስቲያኑ ጾም ተፈቶ የሙስሊሙ ጥቂት ቀን የቀረው። ቪዲዮ ቤቱ ያለው እዚያው ነው፤ አግዳሚው ግን አዲስ፣ ቴሌቪዥኑም አዲስ ነው። ለምን አዲስ እንደሆነ የጠየቀ የለም። አካባቢያችን በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ ምን እንዳየ፣ አጣዬ እንዴት እንደተቃጠለች፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት እንደደረሰ፣ በጥር 2015 ጀውሃ ላይ እንደገና ተኩስ እንደተከፈተ አንባቢ ከዜና ሰምቷል። የጓደኛችን ወንድም፣ ያ ከኋላ የሚጮኸው፣ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አለፈ። እንዴት እንደሆነ እዚህ አንጽፍም፤ የቤተሰቡ ነው።

ለሙስሊም ጓደኞቻችን ስንል ትርዒቱ ከአፍጥር በኋላ እንዲሆን ባለቤቱን ለመንን። ጋሼ፣ ባለቤቱ፣ «እናንተ ተማሪዎች ካልተረጎማችሁ ማን ይገባዋል?» ብለው ከፊት አስቀመጡን። እንዲህ ሆነን፣ አንዱ እንግሊዝኛውን እየሰማ፣ ሌላው በአማርኛ እየጮኸ፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ልጅ ለአያቱ በኦሮምኛ እየደገመ አየነው። በፊልሙ ውስጥ ዋካንዳዎች በኮሳ፣ የባሕር በታቹ ሕዝብ በማያ ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ ቋንቋ በበዛበት ቤት ማየታችን ጠቀመን እንጂ አልጎዳንም።

ፊልሙ ሲከፈት ንጉሡ በር ወዲያ ሆኖ ይሞታል። ፊቱን አናየውም። በሽታውም በስሙ አይጠራም። እኅቱ ሹሪ፣ ያቺ ሁሉን የምታውቅ ሳይንቲስት፣ መድኃኒቱን ስትቀምም ሰዓቱ ያልፍባታል። ከዚያ ቀብር። ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ለብሶ፣ እየጨፈረ፣ ከበሮ እየመታ ይሸኘዋል። አንዲት እናት ከኋላ፣ «ለቅሶ ነው ሠርግ?» አሉ። መተርጎም አልቻልንም። የፊልሙ ድርጅት አርማ ሲመጣ ደግሞ ሁልጊዜ የምናውቀው ሙዚቃ የለም፤ ዝም ብሎ የቦዝማን ምስሎች ያልፋሉ። ስድሳ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ዝም ሲል በዚያ ቤት ሰምተን አናውቅም። ማንም «አክተር አይሞትም» አላለም። ጓደኛችን ብርድ ልብሱን ገልጦ ወጣ።

ተከትለነው አልወጣንም። ይህን ስንጽፍ ያሳፍረናል፤ ግን ምን እንደምንለው አናውቅም ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ተቀመጠ፤ «የት ደረሰ?» ብቻ አለ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሐሳባችን ይህ ነው፤ ይህ ፊልም ሐዘን ያውቃል። ንግሥት ራሞንዳ ልጇን ሹሪን ወደ ዱር ወስዳ የሐዘን ልብሳችንን እናቃጥል ስትላት ልጅቱ እምቢ ትላለች። እናቶቻችን ከል ለብሰው ዓመት ሲጠብቁ፣ ነጠላውን ዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ ፊታቸው ሲያደርጉ ያየን ልጆች ያችን «እምቢ» ለመረዳት ትርጉም አላስፈለገንም። አንጄላ ባሴት ዙፋኑ ፊት ቆማ ቤተሰቧን ሁሉ ስለ መስጠቷ ስትናገር ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ለዚህ ትወና ለኦስካር ታጭታ አልተሰጣትም፤ ልብሱን ያዘጋጀችው ሩት ካርተር ግን ለመጀመሪያው እንዳሸነፈች ለሁለተኛውም አሸንፋለች። ይገባታል።

አሁን ወደ ስሕተቱ። ፊልሙ ረጅም ነው፤ 161 ደቂቃ። የመጀመሪያው 134 ነበር። የተጨመረው ጊዜ የት እንደገባ ስናስብ፣ አንዱ አሜሪካዊቷ ተማሪ ሪሪ ዘንድ ነው። ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለችው ስለ እሷ ለብቻው ለሚሠራው ተከታታይ ፊልም ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2025 ወጣ። ለቀብር መጥቶ ሸቀጡን የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ይመስላል። የአሜሪካ ሰላዮቹም ነገር እንዲሁ ነው። የባሕር በታቹ ከተማ ታሎካን በጣም ያምራል ይባላል፤ በእኛ ቴሌቪዥን ግን ግማሹን ያየነው እንደ ሌሊት ነው። ይህ የፊልሙ ጥፋት ይሁን የቴሌቪዥኑ አንፈርድም።

ዋናው ቅሬታችን ግን ሌላ ነው። የታሎካን ሕዝብ ማን ነው? አባቶቹ ከስፔን ወራሪና ወራሪው ካመጣው በሽታ ሸሽተው ባሕር የገቡ ናቸው። ዋካንዳስ? እንዳይወረር የተሰወረ አገር ነው። ሁለቱም ያንኑ ማዕድን ይዘዋል፤ ሁለቱንም የሚፈልጋቸው ያው ኃያል መንግሥት ነው። ታዲያ ፊልሙ ምን ያደርጋል? ሁለቱን ያዋጋቸዋል! ኃያላኑ ዳር ቆመው ይቆያሉ፤ ሁለት የቆሰሉ ሕዝቦች በመርከብ ላይ ይተላለቃሉ። ንጉሥ ኔሞር የዋካንዳን ከተማ በውኃ ያጥለቀልቃል፤ ንግሥቲቱ ሪሪን ስታድን ሰምጣ ትሞታለች። ሹሪም በቀልን ትለብሳለች። ይህን ስናይ ክፍሉ ውስጥ ያጨበጨበ አልነበረም። በልጅነታችን ብናየው እናጨበጭብ ነበር።

መጨረሻ ላይ ሹሪ ጦሩን በኔሞር ላይ ካነሣች በኋላ እናቷን ታስታውሳለች፤ ትምረዋለች። እሱም እጁን ይሰጣል። ሁለቱ ወደ ሠራዊታቸው ይመለሱና ጦርነቱ አለቀ ይባላል። ጦረኛው ሁሉ መሣሪያውን ዝቅ ያደርጋል። ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ «መማሯ ትልቅ ነገር ነው፤ የፊልሙ ጀግንነት እሱ ነው» አለ። ሌላው፣ «የሞተው ሰው ሁሉ ደሙ ምን ሆነ?» አለ። ጋሼ መብራቱን አብርተው በአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡና እንዲህ አሉ፦

«ልጆቼ፣ ምሬሃለሁ ማለትና መታረቅ አንድ አይደለም። በእኛ አገር ደም ሲፈስ አበጋር ይጠራል፤ ሽማግሌው ይቀመጣል፤ የገዳይም የሟችም ወገን ይመጣል፤ ቃል ይገባል፤ ጉማው ይቆረጣል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ተነጋግረው ነው የጨረሱት። ሕዝቡን ማን ጠየቀው? እርቅ መሆኑ የሚታወቀው እሑድ ሰንበቴ ገበያ ሲወጡ ነው፤ አንዱ የአንዱን ማሾ ሲሰፍር፣ አንዱ የአንዱን ፍየል ጥርስ ገልጦ ሲያይ።»

ይህን የሚጽፍ ሐያሲ እስከ ዛሬ አላነበብንም። አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም፣ አፋሩም የሚገናኝበትን የሰንበቴን ገበያ ለሚያውቅ ሰው ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ፊልሙ ራሱ ጋሼን ይመሰክርላቸዋል። ኔሞር አገሩ ገብቶ ለዘመዱ የሚነግራት፣ ኃያላኑ በዋካንዳ ላይ ሲነሡ ዋካንዳ ወደ እኛ ትመጣለች ብሎ አስቦ መታረቁን ነው። ያ እርቅ ሳይሆን ስሌት ነው። ፊልሙ ሐዘንን ለማሳየት ሁለት ሰዓት ሲሰጥ ለእርቅ ሁለት ደቂቃ መስጠቱ ትልቁ ድክመቱ ነው እንላለን። ሐዘኑን በሚያውቀው እጅ ሠራው፤ እርቁን በሚያውቀው ሰው እጅ አልሠራውም።

ታዲያ ከሁለቱ የቱ ይበልጣል? እንደ ፊልም የመጀመሪያው። የተሰነጠቀ ታሪክ የለበትም፤ ኪልሞንገርን የመሰለ እውነት የያዘ ጠላትም አለው። ሁለተኛውን ግን ማንም እንዳያልፈው እንመክራለን፤ በተለይ ሰው የቀበረ። ስለ መጨረሻው ክፍል፣ ስለ ሄይቲው፣ እዚያ ሹሪ ስለምታገኘው ነገር አንናገርም፤ ያላየ አለ። ልብሷን ግን በዚያ ታቃጥለዋለች። በራሷ ጊዜ፣ ማንም ሳያዛት።

ሲያልቅ ውጭ ጨለማ ነበር፤ ከወንዙ በኩል ትንሽ ንፋስ መጣ። ወደ ቤት ስንሄድ ጓደኛችን ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ «ወንድሜ ቢኖር ኖሮ እስከ መጨረሻው ይነሣል እያለ ይጠብቅ ነበር» አለ።

«አዎ» አልነው።

«እኔም ጠብቄ ነበር» አለ።

ያን ጊዜ ልንለው የሚገባንን ነገር እስከ ዛሬ አላገኘነውም። በሚቀጥለው ምሽት ግን ቪዲዮ ቤቱ ሌላ ፊልም ሲከፍት እሱ ቀድሞን ገብቶ አገኘነው። ከኋላ፣ ወንድሙ ይቀመጥበት በነበረው በኩል ነበር። እኛም ሄደን አጠገቡ ተጣብበን ተቀመጥን።