ጥላሸትና ብራና

አያቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። በልጅነቴ ከድስትና ከምጣድ ጀርባ ጥላሸት እየፋቅሁ የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ። እሳቸው ከተቆላ ገብስ ጋር ወቅጠው፣ በውኃ በጥብጠው ለወራት ያስቀምጡታል። አብልጠው የሚደክሙት ግን ለብራናው ነበር፤ ቆዳውን ወጥረው ሲፍቁ ይውላሉ። «ቀለሙ ያው ጥላሸት ነው፣ ልጄ። ፊደሉን ይዞ የሚያኖረው ብራናው ነው» ይሉኝ ነበር።

ለሁለተኛ ዲግሪ ጀርመን ሄጄ ቤተ ሙከራ የገባሁ ዕለት፣ አስጠኚዬ ጥቁር ዱቄት የያዘች ብልቃጥ ሰጠችኝ። ስከፍታት ጣቴ ጠቆረ፤ የአያቴ ጓዳ ድቅን አለብኝ። ዱቄቱ ቩልካን የሚሉት ከዘይት ቃጠሎ የሚገኝ ካርበን ነው፤ የአንዱ ግራም ገጽ ቢዘረጋ 250 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከውኃና ከአልኮል ጋር በጥብጠው ኤሌክትሮድ ላይ ሲቀቡት እነሱም «ቀለም» ነው የሚሉት። ያን ቀን ባዕድነቱ ለቀቀኝ።

ቀለሙ የሚሠራው ለፊውል ሴል ነበር። ፊውል ሴል ሃይድሮጅንንና ኦክስጅንን አዋህዶ ኤሌክትሪክና ውኃ ይሰጣል። የኦክስጅኑ ሥራ ዳተኛ ስለሆነ ፕላቲነም ያስፈልገዋል። ፕላቲነም ውድ ነውና ከ2 እስከ 5 ናኖሜትር በሚሆኑ ቅንጣቶች ካርበኑ ላይ ይበተናል። ብርቱካንማው የፕላቲነም ጨው ከካርበኑ ጋር እየሞቀ ሲጠቁር ቆሜ ያየሁበት ከሰዓት ዛሬም ይታየኛል።

የመጀመሪያው ልኬቴ ያማረ ነበር። ከዚያ ቮልቴጁን ከ1.0 እስከ 1.5 ቮልት እያመላለስን ሌሊቱን ፈተንነው። ጠዋት በማይክሮስኮፕ ሳየው ቅንጣቶቹ ተሰባስበው ተጣብቀዋል፤ አንዳንዱም ረግፏል። በፊውል ሴል የሚሄድ መኪና ሲነሳና ሲቆም ቮልቴጁ ከፍ ይላል፤ ያኔ ካርበኑ ከውኃው ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል። ፕላቲነሙ መቆሚያ ያጣል። እኔም ጥፋቱ የቀለሙ ሳይሆን የብራናው እንደሆነ በራሴ ቋንቋ ገባኝ።

ቀጥለን ካርበኑን ፕላቲነም ሳይነካው በአሞኒያ ጋዝ ውስጥ በ800 ዲግሪ አጋልነው። ናይትሮጅን ካርበኑ ውስጥ ሰረገ፤ ፕላቲነም ደግሞ በናይትሮጅን አጠገብ አጥብቆ ይይዛል። ለዓይን ያው ጥቁር ዱቄት ነው። ከዚያው ፈተና በኋላ ግን አብዛኞቹ ቅንጣቶች ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

ያን ምሽት አያቴ ዘንድ ደወልኩ። ሁሉንም ሰምተው አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ «ስንት ዘመን ይቆያል?»

«መኪና ውስጥ 8,000 ሰዓት እንዲያገለግል ነው የሚለፋው፣ አባባ።»

ጥቂት ዝም አሉ። «በርታና ፋቅ፣ ልጄ» አሉኝ።