ሰሙን የበላው ማን ነው?

ዛሬ የማጋልጠው ራሴን ነው።

አሮጊቷን ኮሮላዬን ታውቋታላችሁ። በቅርቡ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የሚሠራበት ላቫጆ ወስጄ ሰም አስቀባኋት። ያን ቀን ውሃ ሲረጭባት ጠብታው እንደ ዶቃ ክብ እየሆነ ይንከባለል ነበር። ልጁም «ቲቸር፣ በደንብ ከያዟት ሁለት ወር ትቆይልዎታለች» አለኝ።

ወር እንዳለፈ ግን ኮፈኑ ላይ ያፈሰስኩት ውሃ ተንጣሎ ቀረ። ደሜ ፈላ። ሄጄ ሰው ፊት «ምኑን ነው የቀባህልኝ? ውሃ ነው እንዴ?» አልኩት። አልተቆጣም። «በምንድን ነው የሚያጥቧት?» ብቻ አለኝ።

በየእሁዱ፣ በልብስ ዱቄት ሳሙና!

«ቲቸር፣ ሳሙና ቅባትን እንዴት እንደሚያነሳ ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?» ብሎኝ እርፍ።

እውነቱን ነው። የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ቅባት ይወዳል። ቅባቱን ከቦ ከውሃው ጋር ይዞት ይሄዳል። ይህን ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ሳልኩት! ከሸሚዝ ላይ የወጥ ቅባት እንዲያስለቅቅ የተሠራ ነገር ሰሙን ለምን ይምረዋል?

ከዚያ ቁጭ ብለን ጥፋቶቼን ቆጠርን።

ፀሐይ፦ መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ትውላለች። «አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ምን ትሆናለች» እል ነበር። ከተማችን ግን ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ ሥራውን ይሠራል።

አቧራ፦ ጠዋት ጠዋት በደረቅ ጨርቅ እወለውላት ነበር። አቧራ በደረቁ ሲታሽ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ሰሙን ይፍቀዋል።

የወፍ ኩስ፦ ጥላ ባገኘሁ ቀን ደግሞ ዛፍ ሥር ነው። ኩሱን «እሁድ ይታጠባል» ብዬ እተወዋለሁ። እሱም ሰሙን አልፎ ቀለሙን ይበላል።

ችኮላ፦ ይሄኛው ነው ያሳፈረኝ። የተቀባች ቀን ልጁ የቆየውን ቆሻሻና ቅባት አስለቅቆ፣ በደንብ አድርቆ ሊቀባት ፈልጎ ነበር። «ቶሎ በል፣ ክፍለ ጊዜ አለኝ» ያልኩት እኔ ነኝ። ሰም ደግሞ ባልጠራ ቀለም ላይ አይዝም።

ሲላንት የሚባለው ሰው ሠራሽ መከላከያ ከካርናውባ ሰም ይልቅ ወራት ይቆያል። ግን እሱም ቢሆን እንደኔ ዓይነት ባለቤት ካጋጠመው ዕድሜው ያጥራል። የመኪና ሻምፖ ተጠቀሙ፤ አቧራውን መጀመሪያ በውሃ አውርዱት፤ ኩሱን ሳይደርቅ አጥቡት። (ሰምና ወርቁን ለአማርኛ መምህራን ትቻለሁ።)

ይህ ልጅ ማትሪክ አልመጣለትም ነበር። ትምህርቱን ግን ከአስተማሪው በተሻለ ይዞት አገኘሁት። የተናገርኩት ሰው ፊት ነውና ይቅርታዬም ሰው ፊት ይሁን። ይቅር በለኝ፣ ልጄ። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ በዚህኛው ግን አላጣድፍህም።