ያለ ዋጋ የምትታይ ከተማ

ሮማ ከጥንት ጀምሮ መንገደኛ የለመደች ከተማ ናት። ነጋዴው ስለ ንግዱ፥ ተሳላሚው ስለ በረከቱ፥ ወራሪው ስለ ምርኮው ሲመላለስባት ሁለት ሺህ ዓመት አልፏታልና፥ እንግዳን መቀበል ብቻ ሳይሆን ከእንግዳ ኪስ ገንዘብ ማውጣትንም ጠንቅቃ ታውቃለች። በአደባባዮቿ ዳር ተቀምጦ አንድ ስኒ ቡና የጠጣ ሰው ቆሞ ከጠጣው ይልቅ አብልጦ ይከፍላል፤ የወንበሩም ዋጋ ይታሰብበታል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህችው ከተማ ከሀብቷ የሚበልጠውን ክፍል በሩን ከፍታ ያኖረችው ስለ ሆነ፥ ባዶ እጁን የመጣ ሰው ምን ማየት እንዳለበት ያወቀ እንደ ሆነ፥ ባለጠጋው ከሚያየው የሚቀርበት ጥቂት ነው።

ይህን በእግራቸው የመረመሩት አንድ የጎጃም መሪጌታ ናቸው። በእኛ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጨረሻ ልጃቸው የጉዞአቸውን ወጪ ችላ ወደ ሮማ አስመጣቻቸው። ልጅቱ በዚያ ከተማ ዐሥራ አንድ ዓመት ስትኖር፥ አንዲት ጣልያናዊት አሮጊት እያስታመመች በምታገኘው ደመወዝ ታናናሾቿን አስተምራለች፤ የአባቷንም ቤት ቈርቈሮ አልብሳለች። ከሐሙስ ከቀትር በኋላና ከእሑድ በቀር ዕረፍት የላትም። ስለዚህ በየማለዳው ወደ ሥራዋ ስትወጣ ሃያ ዩሮ በአባቷ መዳፍ ላይ አኑራ፥ «አባባ፥ በዚህ ከተማውን ይዩበት፤ ሲደክምዎም አረፍ ብለው ይጠጡበት» ትላቸው ነበር። መሪጌታውም መርቀው ይቀበሏታል። እርሷ ከወጣች በኋላ ግን ገንዘቡን አጣጥፈው በዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ይጨምሩትና ኩታቸውን ደርበው፥ በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ። የት የት እንደሚገባ የነገራቸው በእሑድ ቅዳሴ ያገኙት አንድ ዲያቆን ነው።

ሰኔ 2 ቀን ጾመ ሐዋርያት ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቀመስ ነገር ስለማይፈልጉ ይህ ራሱ ትልቅ ቍጠባ ሆነላቸው፤ ሮማ አብዛኛውን ገንዘብ የምትቀበለው በአፍ በኩል ነውና።

(ከዚህ በታች የሚነሡት የታሪክ ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።)

የመጀመሪያው መንገዳቸው ከባቡር ጣቢያው ብዙ ወደማትርቀው ወደ ታላቋ ማርያም፥ በእነርሱ ቋንቋ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ወደሚሏት ነበር። ይህች ቤተ ክርስቲያን የተሠራችው እመቤታችን ወላዲተ አምላክ እንድትባል በ431 ዓ.ም. ጉባኤ ኤፌሶን ከወሰነ በኋላ ወዲያው ነው። ከመቅደሱ በላይ ባለው ቅስት ላይ የብሥራቱ ታሪክ በጥቃቅን የቀለም ጠጠር ተሥሏል፤ እመቤታችንም እንደ ንጉሥ ልጅ በወርቅ ልብስ ተሸልማ ተቀምጣለች። መሪጌታው አንገታቸው እስኪደክም ቀና ብለው አዩ። ሥዕሉ በ451 ዓ.ም. በኬልቄዶን መለያየት ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ስለ ሆነ፥ በፊቱ ለመስገድ ምንም የሚያግዳቸው ነገር አልነበረም። በ2025 ዓ.ም. የሞቱት ጳጳስ ፍራንቸስኮ በዚያው ተቀብረዋልና መቃብሩን ለማየት የተሰለፈው ሕዝብ ብዙ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ግን ወደ ቅስቱ ቀና ብሎ የተመለከተው ጥቂት ነው።

በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነበራቸው ጕብኝት እንዲህ የቀለለ አልሆነም። ለመግቢያው ገንዘብ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ትዕግሥት ነው፤ ጕልላቱ ላይ ለመውጣት ብቻ ይከፈላል። ትከሻውንና ጕልበቱን ያልሸፈነ ሰው ከበር ይመለሳል፤ ኩታ ለለበሰ ሰው ግን ይህ ደንብ ምን ያስቸግረዋል! ሚኬላንጄሎ በ1499 ዓ.ም. የፈጸመውን፥ እመቤታችን የልጇን ሥጋ በጕልበቷ ላይ ይዛ የተቀመጠችበትን የእብነ በረድ ምስል በመስተዋት ውስጥ አዩት፤ በ1972 ዓ.ም. አንድ ሰው በመዶሻ ስለ መታው ከዚያ ወዲህ በመስተዋት ተጋርዷል። ወደ ውስጥ ዘልቀው በሄዱ ጊዜ ከልጅነታቸው ጀምሮ በሊቃውንት አፍ ሲወገዝ የሰሙት የልዮን መሠዊያ ገጠማቸው። በላዩም ልዮን አጢላን ከሮማ ሲመልስ የሚያሳይ ታላቅ የእብነ በረድ ቅርጽ አለ። መሪጌታው አልተሳለሙም፤ አልተሳደቡምም። የጠራቢውን እጅ አድንቀው፥ ከባለ ታሪኩ ጋር ግን እንደ ተጣሉ አለፉ።

ከዚህ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» የተባለው አለ። ለኢትዮጵያ መነኰሳት ማረፊያ ሆኖ የተሰጠው በ15ኛው መቶ ዓመት ነው። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮንም በዚያ ተቀምጠው በ1548ና በ1549 ዓ.ም. ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ በሮማ አሳትመዋል። ማንም እንደ ወደደ የሚገባበት ስፍራ ስላልሆነ መሪጌታው ከቅጥሩ ውጭ ቆመው አባታችን ሆይ ደገሙ። በአገራችን አንድ ወንጌል ለመጻፍ ስንት ፍየል ታርዶ ስንት ብራና እንደሚፋቅ የሚያውቅ ሰው፥ የግእዝ ፊደል በእርሳስ ተቀርጾ ከማተሚያ ሲወጣ ያ መነኵሴ ምን እንደ ተሰማው ሊገምት ይችላል።

ቀትር ሲቀርብ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚበዙት ይዘጋሉ። በዚያን ጊዜ መሪጌታው ጃኒኮሎ ወደሚባለው ኰረብታ ወጥተው በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ልክ በስድስት ሰዓት ከኰረብታው ላይ አንድ መድፍ ይተኰሳል፤ በዚህ ስፍራ ልማዱ ከ1904 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ከተማይቱም ከነጕልላቷ ሁሉ ከእግር በታች ትታያለች። እንዲህ ያለውን እይታ በሰገነት ላይ ምግብ የሚሸጥ ቤት በብዙ ዋጋ ይሸጠዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሚጠብቃቸው ውኃ ነው። በሮማ መንገዶች ላይ ከ1874 ዓ.ም. ጀምሮ የቆሙ፥ ቍጥራቸው ወደ 2,500 የሚደርስ የብረት ምንጮች አሉ፤ የውኃው መውጫ የተቈለመመ ስለ ሆነ ሕዝቡ «ናዞኒ»፥ ማለት «አፍንጫማዎች» ይላቸዋል። ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ ቀንና ሌሊት ይፈስባቸዋል። ጣትን ከአፍንጫው ጫፍ ላይ ቢደፍኑበት ውኃው በላይኛው ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈነጥቃል፤ ጐንበስ ሳይሉም ይጠጡታል። ይህን ጥበብ ለመሪጌታው ያሳየቻቸው አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ የመጀመሪያውም ውኃ በጢማቸው ላይ ፈሰሰ።

ናቮና በሚባለው አደባባይ በ1651 ዓ.ም. የተፈጸመ የበርኒኒ ሥራ የሆነ ታላቅ የውኃ ምንጭ አለ። አራት ወንዞች በአራት ግዙፋን ሰዎች ተመስለው ተቀምጠውበታል፤ ከአራቱ አንዱ የእኛ ግዮን ነው። ሌሎቹ ፊታቸው ሲታይ የግዮን ራስ ግን በመጐናጸፊያ ተሸፍኗል። ምክንያቱም መነሻው በዚያን ዘመን አይታወቅም ነበርና ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የእስጳንያ ካህን በ1618 ዓ.ም. የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ ጽፏል፤ የግሽ ዓባይ ገበሬም ከብቱን የሚያጠጣበትን ውኃ ለማወቅ ፓኤዝን አልጠበቀም። መሪጌታው በዚያ ምንጭ ዳር ተቀምጠው አንድ ጉባኤ ቃና ቈጠሩ። ሰሙ፥ ግዮን ከአገሩ ርቆ ለባዕድ ከተማ ውኃ እያጠጣ ፊቱን ሸፍኖ ተቀምጧል፤ ከወዴት እንደ መጣም የሚጠይቀው የለም የሚል ነው። ወርቁ ማን እንደ ሆነች ለማንም አልተናገሩም።

ቀጥሎ የሄዱበት ስፍራ የሚታይ ነገር የሌለበት ነው። በፖርታ ካፔና የአክሱም ሐውልት ከ1937 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሞ ነበር። ቁመቱ 24 ሜትር የሚሆነው ያ ድንጋይ በ2005 ዓ.ም. ተከፋፍሎ በአውሮፕላን ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ2008 ዓ.ም. እንደገና ቆመ። ዛሬ በአጠገቡ ሁለት ጥንታውያን ዓምዶች ቆመዋል፥ መኪናም ይተራመሳል። መሪጌታው ባዶውን ስፍራ ከሌላው ሁሉ አብልጠው ቆመው አዩት፤ በከተማይቱ ካዩት ሁሉ ደስ ያላቸውም ይህ እንደ ነበረ ለዲያቆኑ ነግረውታል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ሰኔ 17 ቀን ማታ ልጅቱ የአባቷን ማኅደር ልትጠግን ብታነሣው ዐሥራ ሰባት የሃያ ዩሮ ወረቀት ከዳዊቱ ጋር ወጣ። ቈጠረችው፤ 340 ዩሮ ሆነ። በጣም ተቈጣች፤ ከዚያም አለቀሰች።

«አባባ፥ እንደ ለማኝ ከመንገድ ውኃ እየጠጡ በፀሐይ ይዙሩ ብዬ ነው ያመጣሁዎት? ይህን ገንዘብ ለምን እንዳገኘሁት አያውቁምን?»

«ስለማውቅ ነው ልጄ» አሉ መሪጌታው። «ያችን አሮጊት ስንት ጊዜ አንሥተሽ ስንት ጊዜ እንዳስተኛሽ እየቈጠርሁ ቡና ሊወርድልኝ ነውን?»

«እኔ ደግሞ እርስዎ ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ እያሰብሁ ነበር የማነሣትና የማስተኛት» አለቻቸው።

ለዚህ ቃል መሪጌታው መልስ አጡ። ሰው በመስጠት እንደሚደሰት ያውቃሉ፤ በጉባኤም አስተምረዋል። አለመቀበል ግን የሰጪውን ድካም ከንቱ ሊያደርግ እንደሚችል እስከዚያች ማታ ድረስ በራሳቸው ቤት አላዩትም ነበር። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ ስለ ዋሉባቸው ስፍራዎች ይነግሯት ጀመር፤ ስለ ወርቅ ለባሿ እመቤት፥ ስለ ተሸፈነው ግዮን፥ ስለ መድፉ ነገሯት። ልጅቱ እንባዋን እየጠረገች ሰማች። ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላየችውም ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የምታውቀው አውቶቡሱን፥ የአሮጊቷን ማድ ቤትና የመድኃኒት መሸጫውን ነው። ያ ያማረ በር ሁሉ ገንዘብ የሚከፈልበት ይመስላት ነበር፤ የማይከፈልበት መሆኑንም የነገራት ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ አባቷን አስከትላ ወጣች ለማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የሚመሩት አባቷ ናቸው። በመጀመሪያ ወደ ቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን ወሰዷት። በዚያ ካራቫጆ የሣለው፥ ሁለት ድሆች ተሳላሚዎች በእመቤታችን ፊት ተንበርክከው የሚታዩበት ሥዕል አለ። የሰውየው ባዶ እግር ጭቃ እንደ ለበሰ ወደ ተመልካቹ ዞሯል፤ በተሣለ ጊዜም ስለዚህ እግር በከተማው ብዙ ጫጫታ ተነሥቶ ነበር። «የግሸን መንገደኛ እግር ነው» አሉ መሪጌታው። ልጅቱም ሳቀች።

ከዚያ ቅርብ በሆነው በፈረንሳዮች ቅዱስ ሉዊጂ ቤተ ክርስቲያን፥ ያው ሠዓሊ ከ1599 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራቸው የማቴዎስ ሥዕሎች አሉ። ጸሎት ቤቱ ጨለማ ነው፤ ሳንቲም ወደ ሣጥን ሲጨምሩ መብራት ለጥቂት ጊዜ በርቶ ይጠፋል። መሪጌታው በመጡ ቍጥር በጨለማው ቆመው ሌላ እንግዳ ሳንቲም እስኪጨምር ይጠብቁ ነበር፤ በሰው መብራትም አይተው ይሄዱ ነበር። በዚያን ቀን ግን የሚጨምር ሰው ጠፋ። አባትና ልጅ በጨለማው ፊት ለፊት ቆሙ። ልጅቱ ከቦርሳዋ ሳንቲም አውጥታ አባቷን ተመለከተች፤ እርሳቸውም ዝም አሉ። ጨመረችው።

መብራቱ ሲበራ ቀራጩ ማቴዎስ ከባልንጀሮቹ ጋር በገበታው ዙሪያ ተቀምጦ ገንዘብ ሲቈጠር ታየ። ጌታችን በቀኝ በኩል ከጥላው ውስጥ እጁን ዘርግቶ ይጠራዋል፤ አንድ ጐልማሳ ግን ገና ከሳንቲሙ ላይ ዓይኑን አላነሣም። ልጅቱ ከሁሉ ይልቅ ያን ጐልማሳ አየች። መብራቱም ጠፋ። ሁለተኛ ጨመረች፤ ሦስተኛም ጨመረች፤ በኋላ የመጡ ሰዎችም በእርሷ መብራት አዩ።

ዓርብ ማታ ልጅቱ አንድ ጥንድ ጫማ ገዝታ ገባች። የአባቷ ጫማ በዚያ ሁሉ መንገድ ከተረከዙ በልቶ ነበርና። መሪጌታው ተጫምተው በቤቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሄዱ። «አልጠበበዎትም?» አለች። «አልጠበበኝም» አሉ። ከ340ው የተረፈውን ገንዘብ ግን እንደገና አጣጥፈው በማኅደሩ ውስጥ ጨመሩት፤ እርሷም አይታ ምንም አልተናገረች።