ጤፍና ዘመዱ

እኔ የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ልጅ ነኝ። ጤፍ ማለት ለእኔ እናቴ እህል በረንዳ ወርዳ፥ እፍኝ አንሥታ መዳፏ ላይ እያየች በዋጋው የምትከራከርበት እህል ነው። ማሳ ላይ ቆሞ ያየሁት ግን ባለፈው ክረምት፥ ጎጃም አያቴ ዘንድ በሄድሁ ጊዜ ነው።

የአረም ወራት ነበርና «ልርዳዎ» ብዬ ገባሁ። እስከ ቀትር በትጋት ነቀልሁ። አያቴ መጥተው ክምሩን ሲያገላብጡ ግማሹ ጤፍ ሆኖ ተገኘ፤ አረሙንማ አክብሬ ትቼዋለሁ! «ልጄ፥ እዚያ ምን ያስተምሯችኋል?» አሉኝ። ሥነ ጽሑፍ ለማለት አፈርሁ።

«እርስዎስ በምን ይለዩታል?» አልኋቸው።

«ዓይን ይለምዳል። ባይለምድም ሲበስል ይታያል፤ ያኛው ነፋስ ሲነካው ዘሩን ያራግፋል፥ ጤፍ ግን እስኪታጨድ ይይዛል» አሉ።

ከተመለስሁ በኋላ አራት ኪሎ ሳይንስ የሚማር ወዳጄን ጠየቅሁት። ጤፍ ኤራግሮስቲስ ከሚባለው የሣር ወገን ነው፤ ይህም ወገን በዓለም ላይ ከ300 በላይ ዓይነት አለው። ከሁሉ ለጤፍ የሚቀርበው ኤራግሮስቲስ ፒሎሳ የተባለው የዱር ሣር ነው። መልካቸው ይመሳሰላል፤ ሁለቱም 40 ክሮሞሶም አላቸው፤ ቢዳቀሉም ዘራቸው ፍሬ ያፈራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የታተመ የዘረ መል ጥናትም ጤፍ ከዚሁ ሣር መገኘቱን የሚደግፍ ማስረጃ አቀረበ።

እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉ። መልክን ብቻ ያየ እንደ እኔ ይሳሳታል፤ ዘረ መልን ብቻ ያየ ደግሞ ሁለቱን አንድ ቤተ ሰብ ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ዋናው መለያ አያቴ የተናገሩት ነው፤ ዘርን መያዝና ማራገፍ። ይህም ልዩነት ከሰማይ አልወረደም። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ገበሬዎች ያላራገፈውን እያጨዱ፥ ከእርሱም መልሰው እየዘሩ፥ ከሣር እህል አወጡ። ስማቸውን የጻፈ የለም፤ ሥራቸውን ግን በየቀኑ እንጐርሳለን።

ስለ ገበሬው በየክርክሩ የምንናገር ተማሪዎች ብዙ ነን፤ እኔም አንዱ ነበርሁ። ዛሬ ግን ከመናገሬ በፊት ያ የነቀልሁት ክምር ትዝ ይለኛል።

ዘንድሮም እሄዳለሁ። አያቴ ግን ጤፉ ሳይበስል ማሳው ውስጥ እንዳልገባ ከወዲሁ ልከውብኛል።