ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በብስክሌት

በእሑድ ቀን ልጆችዎን ይዘው እንጦጦ ቢወጡ፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቆመው አዲስ አበባን ቁልቁል ያያሉ። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ዙሪያውን አልብሶታል፤ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም የብስክሌት መንገድ አለው። ልጅዎ ብስክሌት የሚነዳ ከሆነ፣ ወይም እርስዎ ራስዎ ከደፈሩ (ለምን አይደፍሩ?)፣ የሚያደክመው መውጣቱ ነው፤ የሚያስፈራው ግን መውረዱ ነው።

ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለቱ ብርቱ ነው፤ ከመታጠፊያው ማዶ ማን እንደሚመጣም አይታይም። ምናልባት ከኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚመለሱ አረጋዊ፣ ምናልባትም ሸክም ያዘለች እናት ትሆናለች። ባለ ሸክሟ አጎንብሳ ስለምትሄድ ቀና ብላ አታይም፤ ዘላም ከመንገድ አትወጣም። እንግዲህ መቆም ያለበት ባለ ብስክሌቱ ነው።

ታዲያ ፍሬን የሚያዘው መቼ ነው? ብዙ ልጆች መታጠፊያው ውስጥ ከገቡ በኋላ ደንግጠው ጭብጥ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ጎማው መዞሩን ትቶ ይንሸራተታል። ፍሬን መያዝ ያለበት ከመታጠፊያው በፊት፣ መንገዱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ሁለቱንም በአንድነት፣ በጣት ቀስ በቀስ እያጠበቁ ፍጥነቱን ማብረድ፣ ከዚያ ለቀቅ አድርጎ መታጠፍ ነው።

«የፊተኛውን ፍሬን እንዳትነካ!» እያሉ የሚያስጠነቅቁ ወላጆች አሉ። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ብስክሌት ሲገታ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያመዝን፣ ይበልጥ የሚያቆመው የፊተኛው ነው። የኋላው ብቻውን ሲያዝ በጠጠርና በረገፈ ቅጠል ላይ ያንሸራትታል። አሽቀንጥሮ የሚጥለው የፊተኛውን በድንገት ጨምድዶ መያዝ ነው። ስለዚህ ፔዳሎቹን አግድም አስተካክሎ መቆም፣ ጉልበትና ክርንን አጠፍ አድርጎ ከኮርቻው ወደ ኋላ ሸሸት ማለት ያስፈልጋል። ዓይንም ከፊት ጎማው ሥር ሳይሆን ራቅ ብሎ ይመልከት።

የትኛው እጅ የትኛውን ፍሬን እንደሚይዝ ከብስክሌት ብስክሌት ይለያያል፤ በተከራዩ ቁጥር ሜዳ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞክሩት። ዝናብ ከዘነበ፣ ቸርኬውን የሚጨብጠው ዓይነት ፍሬን ቶሎ ስለማይዝ ከወትሮው ቀደም ብለው ይጀምሩ።

ሽሮ ሜዳ ሲደርሱ በሀገር ልብስ ሱቆቹ ፊት ሰው ይበዛልና ወርደው እየገፉ ይሂዱ፤ ነጠላ ለመጠየቅም ይመቻል።